በነፍሳት ሴል የኬሚካሎችን መርዛማነት መፈተሽ፦ ከሴል ቆጠራ እስከ ውጤት ስሌት

«ኬሚካል ያልነካቸው ሴሎቼም አብረው ሞቱ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» እና «የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር የለንም፤ ታዲያ የሴል ሥራ መሥራት እንችላለን ወይ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በየሴሚስተሩ ይደርሱኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው እዚህ ሐዋሳ የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚሠሩ ተማሪዎችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ቆራርጬ ከምመልስ አሠራሩን ከነምክንያቱ በአንድ ቦታ ማስፈር ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ከጀርም በጸዳ ሁኔታ መሥራትንና ፒፔት አያያዝን አስቀድመው እንደሚያውቁ አድርጌ እነሣለሁ።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «አዎ» ነው። የነፍሳት ሴል ሚዲያ (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት ልኩን፣ የሚጠብቀው በዋናነት በፎስፌት እንጂ፣ እንደ አጥቢ እንስሳት ሴል ሚዲያ በባይካርቦኔትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዛን አይደለም። ሴሎቹም የሚመቻቸው ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ሳያዛንፍ የሚይዝ ተራ ኢንኩቤተር ይበቃል፤ እንዲያውም የነፍሳትን ሴል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ ማስገባት ሚዲያውን ያለ አግባብ አሲዳማ ስለሚያደርገው ይጎዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግን አንድ መስመር አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ጽሑፍ እርሱን የሚመልስ ነው።

በዚህ መመሪያ የምጠቀመው ኤስኤፍ-9 የተባለውን የሴል መስመር (በላብራቶሪ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚባዛ የሴል ዘር) ነው። መነሻው ገበሬዎቻችን «የአሜሪካ መጤ ተምች» ከሚሉት በቆሎ አውዳሚ ተባይ ሲሆን፣ ሴሎቹ የተገኙት ትሉ ወደ እሳት እራትነት በሚለወጥበት የፑፓ ደረጃ ላይ ካለው የእንቁላል ማመንጫ አካል ነው። ይህን መነሻ እስከ መጨረሻው ያስታውሱት፤ ውጤቱን ሲተረጉሙ ይፈልጉታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤስኤፍ-9 ሴል፣ 25 ወይም 75 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፍላስክ ውስጥ በማደግ ላይ ያለ።
- 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም የተጨመረበት የግሬስ ሚዲያ፣ ፒኤቹ 6.2 አካባቢ የሆነ። ሴረሙ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረዶ በሞላ ሳጥን መጓዝ አለበት፤ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሴረም ፕሮቲኑ ይቋጠራል።
- ጠፍጣፋ መሠረት ያላቸው 96 ዌል ፕሌቶች። ዌል የምንለው እያንዳንዱን ትንሽ ጉድጓድ ነው።
- 0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ (የሞተ ሴልን የሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም)፣ ሄሞሳይቶሜትር (ካሬ የተሰመረበት የሴል መቁጠሪያ መስታወት) እና ከታች ወደ ላይ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ።
- የኤምቲቲ ዱቄት (ሕያው ሴል ከቢጫ ወደ ሐምራዊ የሚለውጠው ቀለም)፣ ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው መፍትሔ)፣ ንጹሕ ዲኤምኤስኦ (በውሃ የማይሟሙ ኬሚካሎችን የሚያሟማ ፈሳሽ)።
- የመዳብ ሰልፌት (አምስት የውሃ ሞለኪውል ያለው ሰማያዊው ክሪስታል)።
- የጸዳ ውሃ፣ 0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ፣ ባለ ስምንት አፍ ፒፔት።
- በ570 ናኖ ሜትር የሚያነብ የፕሌት ማንበቢያ መሣሪያ፤ ፕሌት የሚይዝ ሴንትሪፉጅ ቢገኝ።
- ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ፣ እርጥብ ፋሻ፣ እንዲሁም ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር።

የመጨረሻው ተራ ላይ ያሉት ዕቃዎች ተራ ቢመስሉም ያለ እነርሱ ሥራውን አይጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ

ዲኤምኤስኦ በቆዳ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ በውስጡ የሟሟውንም ኬሚካል ይዞ ይገባል። ስለዚህ የፀረ ተባይ መፍትሔ በዲኤምኤስኦ ሲያዘጋጁ የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፤ ጠብታ ከነካውም ወዲያው ይቀይሩት። የኤምቲቲን ዱቄት ሲመዝኑ አየር የሚስብ ካቢኔ ውስጥ ይሁኑ፤ ሲተነፍሱት ጎጂ ነው። በ70 በመቶ አልኮል የጠረጉትን ገጽ ሳይደርቅ በአጠገቡ ቡንሰን አይለኩሱ። ከገበያ የተገዛ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ውስጥ ከዋናው መርዝ ሌላ አሟሚና ሳሙና መሰል ንጥረ ነገሮች ስላሉ፣ የሚፈትሹት የገበያውን ምርት ወይስ የተጣራውን ኬሚካል እንደሆነ ከመጀመሪያው ይወስኑና በመዝገብዎ ላይ ይጻፉ። ሁለቱ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ።

አሠራሩ

1. ሙቀቱን ያረጋግጡ። ሴል ከማስገባትዎ በፊት ኢንኩቤተሩን ቢያንስ ለሁለት ቀን ባዶውን አብርተው በውስጡ የተቀመጠውን ቴርሞሜትር ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ያንብቡ። ማሞቂያ ብቻ ያለው ኢንኩቤተር ከክፍሉ ሙቀት በታች መውረድ አይችልም፤ በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የተሞላው ቁጥር 27 ቢልም ውስጡ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከ30 ዲግሪ በላይ የኤስኤፍ-9 እድገት ይዛባል። በአንጻሩ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ ሴሎቹ እድገታቸውን ያዘገያሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይሞቱም። ይሁን እንጂ ያ ሌሊት ሴሎቹ ከኬሚካሉ ጋር የቆዩበት ከሆነ ውጤቱን ከሌላው ቀን ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ ፕሌቱ ይድገም። ቴርሞሜትሩ ያስፈለገው ተኝተን ሳለን የሆነውን እንዲነግረን ነው።

2. ሴሎቹን ለሥራ ያብቁ። ከቅዝቃዜ የወጣ ሴል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ ፍላስክ ሳይዛወር ለፈተና አይቅረብ። ጤናማ ኤስኤፍ-9 በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ፣ ጠርዙ የጠራና የሚያበራ ነው። ፍላስኩ 80 በመቶ ያህል ሲሸፈን ያዛውሩት። ለማላቀቅ ትሪፕሲን አያስፈልግም፤ ኤስኤፍ-9 የሚጣበቀው ላላ ብሎ ስለሆነ ፍላስኩን በመዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ወይም ሚዲያውን በፒፔት ደጋግሞ በላዩ ማፍሰስ ይበቃል። ትሪፕሲን የሴሉን የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች ስለሚበላ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኬሚካል የሚያገኘው አስቀድሞ የቆሰለ ሴል ይሆናል። ሴል ኦክስጅን ስለሚፈልግ የፍላስኩን ክዳን ሩብ ዙር ያህል ያላሉት።

3. ይቁጠሩ። እኩል መጠን ያለው የሴል እገዳ (ሴሎቹ የተንሳፈፉበት ሚዲያ) እና ትራይፓን ብሉ ቀላቅለው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ቀለሙ ራሱ ሴል መግደል ይጀምራል። ነጭ ሆነው የሚታዩት ሕያዋን፣ ሰማያዊ የሆኑት ሙታን ናቸው። በአራቱ የጥግ ካሬዎች ውስጥ ያሉትን ይቁጠሩ፤ መስመር ላይ ያረፉትን በተመለከተ የላይኛውንና የግራውን ብቻ ያካትቱ፤ አለዚያ አንዱ ሴል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ምሳሌ ልስጥ። በአራቱ ካሬዎች 212 ሕያዋንና 11 ሙታን ቢገኙ፣ አማካዩ በአንድ ካሬ 53 ሕያው ሴል ነው። በቀለሙ ምክንያት በ2፣ በካሬው ይዘት ምክንያት ደግሞ በ10,000 ሲባዛ 1,060,000 ሴል በሚሊ ሊትር ይሆናል። የሕያዋኑ ድርሻ 212 ለ223 ሲካፈል 95 በመቶ ነው። ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ሥራውን ያቁሙ፤ በዚያ ቀን የሚገኝ ቁጥር ሁሉ የኬሚካሉን ጉዳት ሴሉ አስቀድሞ ከነበረበት ጉዳት ጋር የቀላቀለ ይሆናል። «ሴሎቼ አብረው ሞቱ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ቁጥር ስጠይቃቸው የላቸውም።

በእያንዳንዱ ዌል 20,000 ሴል በ100 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያስፈልገናል፤ ይህም በሚሊ ሊትር 200,000 ማለት ነው። በሚቀጥለው እርምጃ ንድፍ ሴል ለሚገባባቸው 54 ዌሎች ከነመጠባበቂያው 7 ሚሊ ሊትር ያዘጋጁ፦ ከላይ ካለው እገዳ 1.32 ሚሊ ሊትር፣ ሚዲያ 5.68 ሚሊ ሊትር። ፈተናው ለ48 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ የሴሉን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ፤ አለዚያ ያልተነኩት ዌሎች ሞልተው እድገታቸውን ያቆሙና በእነርሱና በታመሙት መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል።

4. የፕሌቱን ንድፍ በወረቀት ይሳሉ። የዳር ዌሎች ውሃቸው ቶሎ ስለሚተን ለፈተና አይሆኑም። 36ቱን የዳር ዌሎች በ200 ማይክሮ ሊትር የጸዳ ውሃ ይሙሏቸው። የሚቀሩት 60 ዌሎች ከ2ኛው እስከ 11ኛው ዐምድ፣ ከቢ እስከ ጂ ረድፍ ያሉት ናቸው። እኔ የምከፋፍላቸው እንዲህ ነው፦ 2ኛው ዐምድ ሴል የለበትም፤ ላይኞቹ ሦስት ዌሎች ሚዲያ ብቻ፣ ታችኞቹ ሦስቱ ሚዲያና ከፍተኛው የኬሚካል መጠን ይይዛሉ። 3ኛው ዐምድ ምንም ያልነካው ሴል፣ 4ኛው አሟሚ ብቻ ያገኘ ሴል ነው። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ስድስት የኬሚካል መጠኖች ይሆናሉ። 11ኛው የመዳብ ሰልፌት ያገኘ ሴል ነው፤ ይህ ፈተናው በትክክል መሥራቱን የምናረጋግጥበት የታወቀ መርዝ ነው።

ሴል በሌለበት ዌል ኬሚካሉን ማስገባት ለብዙዎች ብክነት ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንዳንድ ነገሮች ያለ ሴል እገዛ ኤምቲቲን ራሳቸው ወደ ሐምራዊ ይለውጡታል። በተለይ የእንዶድ፣ የኒምና የመሳሰሉት ዕፅዋት ጭማቂ የሚፈትሹ ተማሪዎች ይህን ልብ ይበሉ፤ ጭማቂው ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሴሉ ሞቶ ሳለ ሕያው ያስመስሉታል። እነዚያ ሦስት ዌሎች ከቀሉ ወይም ሐምራዊ ከሆኑ ለዚያ ናሙና ኤምቲቲ አይሠራም፤ በትራይፓን ብሉ መቁጠር ይኖርብዎታል።

5. ኬሚካሉን ያቅጥኑ። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በውሃ የማይሟሟን ኬሚካል በዲኤምኤስኦ አሟሙተው፣ ተከታታይ ማቅጠኑን መጀመሪያ በንጹሕ ዲኤምኤስኦ ውስጥ ይጨርሱት፤ ስድስቱም ቱቦዎች በመጨረሻ ከሚፈለገው መጠን 1000 እጥፍ ይሁኑ። ከዚያ ከእያንዳንዱ 4 ማይክሮ ሊትር ወስደው በ1996 ማይክሮ ሊትር ሚዲያ ውስጥ ይጨምሩ። ይህ የመጨረሻውን መጠን ሁለት እጥፍ የያዘ፣ 0.2 በመቶ ዲኤምኤስኦ ያለበት መፍትሔ ነው፤ በዌሉ ውስጥ ካለው እኩል መጠን የሴል እገዳ ጋር ሲገናኝ ዲኤምኤስኦው 0.1 በመቶ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሲሠራ የዲኤምኤስኦ መጠን በሁሉም ዌሎች እኩል ነው። ብዙዎች ግን ከፍተኛውን መጠን አዘጋጅተው እርሱኑ በሚዲያ ያቀጥኑታል፤ ያን ጊዜ ከኬሚካሉ ጋር አሟሚውም እየቀነሰ ስለሚሄድ የታየው ጉዳት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ለመዳብ ሰልፌቱ 249.7 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር የጸዳ ውሃ ያሟሙ፤ ይህ 100 ሚሊ ሞላር ነው። በፒቢኤስ አያሟሙት፤ መዳቡ ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል፤ እርስዎ ሰጠሁት የሚሉት መጠንም ቱቦው ሥር ይቀራል። ከዚህ 20 ማይክሮ ሊትር በ980 ማይክሮ ሊትር ሚዲያ ሲጨመር 2 ሚሊ ሞላር ይገኛል፤ በዌል ውስጥ 1 ሚሊ ሞላር ይሆናል። በመጀመሪያ ከ1 ሚሊ ሞላር ጀምረው በሁለት እያካፈሉ ወደ ታች አንድ ፕሌት ይሥሩና ግማሹን ሴል የሚጎዳውን መጠን በራስዎ ላብራቶሪ ይወቁት፤ ከዚያ በኋላ በ11ኛው ዐምድ የሚያስቀምጡት ያንኑ መጠን ነው። አንድ ቀን መዳቡ ሴሎቹን ካልነካቸው ወይም ጨርሶ ከገደላቸው የዚያን ቀን የሌላውም ኬሚካል ውጤት አይታመንም።

6. ሴሉን ይዝሩ፣ ኬሚካሉን ይጨምሩ። እገዳው ቶሎ ስለሚዘቅጥ በየዐምዱ መካከል ቱቦውን ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ 100 ማይክሮ ሊትር ይጨምሩ። ፕሌቱን ለ15 ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ይተዉት፤ ወዲያው ከተንቀሳቀሰ ሴሎቹ ወደ ዌሉ ጠርዝ ይከመራሉ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት በኢንኩቤተር ይቆይና እንዲጣበቁ ይደረግ። ሁለት እጥፍ የሆነውን የኬሚካል መፍትሔ 100 ማይክሮ ሊትር በዌሉ ግድግዳ በኩል በቀስታ ያውርዱ፤ ከዝቅተኛው መጠን ወደ ከፍተኛው ከሄዱ የፒፔቱ ጫፍ ቢነካካ እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ፕሌቱን እርጥብ ፋሻ በተነጠፈበት ምሳ ዕቃ ውስጥ ከድነው ያስገቡ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር የራሱ የውሃ ትሪ አለው፤ ተራው ኢንኩቤተር ግን ደረቅ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ከዌሉ አንድ አምስተኛው ውሃ ቢተን ኬሚካሉም ጨውም በዚያው ልክ ይጎለብታሉ።

7. በ24 እና በ48 ሰዓት በዓይንዎ ይዩ። ይህን እርምጃ ዘልለው ወደ ማንበቢያ መሣሪያው የሚሮጡ ሰዎች ብዙ ነገር ያመልጣቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሴሉ አብጦ ገርጥቶ ከሆነ ሽፋኑ ተጎድቷል፤ ተኮማትሮ በዙሪያው ትንንሽ አረፋዎች አውጥቶ ከሆነ በሥርዓት የሚፈጸመው የሴል ሞት ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ካነሰ ኬሚካሉ መባዛትን አዘግይቷል እንጂ አልገደለም። ኤምቲቲ እነዚህን ሦስቱን አይለይም፤ ሦስቱንም «ያነሰ ቀለም» አድርጎ ይነግርዎታል። መርፌ መሰል ወይም አሸዋ መሰል ነገር ከታየ ደግሞ ኬሚካሉ ከመፍትሔው ወጥቶ ዘቅጧል፤ ያን መጠንና ከዚያ በላይ ያሉትን ከስሌቱ ያውጡ።

8. ኤምቲቲ ይጨምሩ። 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ፒቢኤስ አሟሙተው፣ በ0.22 ማጣሪያ አጣርተው፣ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ። ወደ እያንዳንዱ ዌል 20 ማይክሮ ሊትር ጨምረው ለ4 ሰዓት በ27 ዲግሪ ይተዉ። ሕያው ሴል ቢጫውን ኤምቲቲ ወደ ሐምራዊ ፎርማዛን ይለውጠዋል፤ ፎርማዛኑ በውሃ ስለማይሟሟ በሴሉ ውስጥና በዙሪያው እንደ ጥቃቅን መርፌ ሆኖ ይታያል።

አሁን ፎርማዛኑን ማሟሟት ያስፈልጋል። ኤስኤፍ-9 ላላ ብሎ ስለሚጣበቅ፣ ለሌሎች ሴሎች እንደሚደረገው ፕሌቱን ገልብጦ ሚዲያውን ማራገፍ ሴሉንም ፎርማዛኑንም ይዞ ይሄዳል። ፕሌቱን በ200 ጂ ለ5 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ያዙሩት፤ ከዚያ ፕሌቱን አዘንብለው የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው ሳያርቁ 180 ማይክሮ ሊትር ቀስ ብለው ይምጠጡ፤ ሥሩ ያለውን 40 ማይክሮ ሊትር ይተዉት። 150 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ያነቃንቁና በ570 ናኖ ሜትር ያንብቡ፤ የ690 ንባብን እንደ ማነጻጸሪያ ይቀንሱ።

ሚዲያውን ከማውጣት ለመዳን እኔም በመጀመሪያ ጊዜ በአሲድ የተዘጋጀ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) በቀጥታ ጨምሬ ነበር፤ አሠራሩ ለሌሎች ሴሎች የታወቀ ነውና። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፕሌቱን ሳነሣው 60ዎቹም ዌሎች እንደ አሬራ ነጥተው አገኘኋቸው፤ ሁለት ሳምንት የተደከመበት ሥራ በአንድ ጠብታ ጠፋ። ምክንያቱ የግሬስ ሚዲያ ፖታሲየም የበዛበት መሆኑ ነው፤ ኤስዲኤስ ከፖታሲየም ጋር ሲገናኝ በክፍል ሙቀት የማይሟሟ ጨው ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሚዲያ ላይ ኤስዲኤስ አይጠቀሙ።

9. ያስሉ። ከእያንዳንዱ ንባብ የባዶውን ሚዲያ አማካይ ይቀንሱ፤ ከዚያ የተፈተሸውን ዌል አሟሚ ብቻ ላገኘው ሴል ያካፍሉ። ለምሳሌ የባዶው 0.062፣ አሟሚ ያገኘው 0.912፣ የተፈተሸው 0.487 ቢሆን፣ 0.425 ለ0.850 ሲካፈል 50 በመቶ ይሆናል። ማነጻጸሪያው አሟሚ ያገኘው ሴል እንጂ ምንም ያልነካው ሴል አይደለም፤ ሁለቱ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ግን አሟሚው ራሱ ጎድቷልና ፕሌቱን ይጣሉት። ስድስቱን መጠኖች በሎጋሪዝም መስመር ላይ አስቀምጠው ባለ አራት መለኪያ ኩርባ ያሳርፉባቸው፤ አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ዲአርሲ የተባለው ጥቅል ይህን ይሠራል። ግማሽ ጉዳት የሚያደርሰው መጠን ከፈተሿቸው መጠኖች ውጭ ከወደቀ ቁጥሩን አይዘግቡ፤ መጠኖቹን አስተካክለው ይድገሙ።

በአንድ ፕሌት ላይ ያሉት ስድስት ዌሎች ስድስት ሙከራ አይደሉም። ሙከራ የሚባለው በሌላ ቀን፣ ከሌላ የሴል ትውልድ፣ አዲስ በተዘጋጀ መፍትሔ የተሠራው ነው። ቢያንስ ሦስት ያስፈልግዎታል፤ 18 ዌል ሠርተው «ናሙናዬ 18 ነው» ብለው የጻፉ ሰዎች ከፈተና ኮሚቴ ፊት ሲቸገሩ ማየት ያሳዝነኛል።

የሐይቅ ወይም የወንዝ ውሃ ሲሆን

ከሐዋሳ ሐይቅ ወይም ከጥቁር ውሃ ወንዝ የተቀዳን ውሃ በቀጥታ ሚዲያ ላይ መጨመር ሴሉ የለመደውን የጨው መጠን ያቀጥናል፤ ሴሉ አብጦ ሲሞት ጥፋቱ የብክለት ይመስላል። የሚሻለው የግሬስ ሚዲያን ዱቄት በራሱ በናሙናው ውሃ ማሟሟት ነው። በአጠገቡ በንጹሕ ውሃ የተሟሟ ሚዲያ እንደ ማነጻጸሪያ ያዘጋጁ። የሐይቁ ውሃ አልካላይን ስለሆነ ፒኤቹን ወደ 6.2 ማውረድ ግድ ይላል፤ ይህን ሲያደርጉ ግን እንደ መዳብ ያሉ ብረቶች ከተያያዙበት ካርቦኔት ተላቀው በነፃነት ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሴሉ የሚያየው መርዛማነት በሐይቁ ውስጥ ካለው ሊበልጥ ይችላል። በ0.22 ማጣሪያ ሲያጣሩም ከደለል ጋር የተጣበቀው ብክለት ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ሁለቱንም በሪፖርትዎ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ።

ውጤቱ የሚናገረውና የማይናገረው

የተገኘው ቁጥር የሴሉን አጠቃላይ ጤና የሚመለከት ነው። ኤስኤፍ-9 የነርቭ ሴል አይደለም። ዴልታሜትሪን የተባለው ፀረ ተባይ የሚያጠቃው በነርቭ ላይ ያለውን የሶዲየም መተላለፊያ ነው፤ ሌላው ፀረ ተባይ ማላታየን የሚያጠቃው አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን የነርቭ ኢንዛይም ሲሆን፣ ለዚያም መጀመሪያ በሰውነት ውስጥ ወደ ማላኦክሰን መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚለውጡት ኢንዛይሞች ደግሞ በኤስኤፍ-9 ውስጥ አነስተኛ ናቸው። ስለዚህ ንብን በጥቂት መጠን የሚገድል ፀረ ተባይ እነዚህን ሴሎች ብዙም ሳይነካቸው ሊያልፍ ይችላል። «ሴሎቹን አልጎዳም» ከሚለው «ለአካባቢ አይጎዳም» ወደሚለው መሻገር በዚህ ፈተና ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው ነው፤ የሚያነበው ሰው ገበሬ ወይም ንብ አርቢ ሊሆን ይችላልና። ፈተናው የሚጠቅመው ብዙ ኬሚካሎችን በፍጥነት አወዳድሮ የትኞቹ በቅድሚያ በዳፍኒያ (ጥቃቅን የውሃ እንስሳ)፣ በንብ ወይም በዓሣ መፈተሽ እንዳለባቸው ለመምረጥ ነው። ለዳፍኒያ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 202፣ በዓሣ ስንጥብ ሴል ለሚሠራ ፈተና ደግሞ በ2021 የወጣው ቁጥር 249 አለ፤ ሁለተኛው ለነፍሳት ሴል ባይጻፍም የማነጻጸሪያ ዌሎቹ አያያዝ ጥሩ አርአያ ነው።

ዘወትር የሚያጋጥሙ ሌሎች ስሕተቶች

ፒኤቹን 7.4 ማድረግ። የአጥቢ እንስሳት ሴል የለመደ ሰው ይህን በልማድ ያደርገዋል፤ ኤስኤፍ-9 በዚያ ፒኤች ይታመማል።

ሴሎቹን ደጋግሞ በፒቢኤስ ማጠብ። የፒቢኤስ የጨው ጥንካሬ ከነፍሳት ሚዲያ ያነሰ ነው፤ ማጠብ ካስፈለገ በሚዲያው ይጠቡ።

የሴረም መጠንን መለዋወጥ። የሴረም ፕሮቲን ቅባት ወዳድ ኬሚካሎችን ይዞ ያስቀራል፤ በ10 በመቶ ሴረም የተገኘ ቁጥር ያለ ሴረም ከተገኘ ጋር አይወዳደርም። እንደ ዲዲቲና ፓይሬትሮይድ (ዴልታሜትሪን ያለበት የፀረ ተባይ ወገን) ያሉት ደግሞ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይም ስለሚጣበቁ፣ በሪፖርቱ ላይ «የተሰጠ መጠን» እንጂ «ሴሉ ያገኘው መጠን» ተብሎ አይጻፍ።

ማታ መስኮት ከፍቶ መሥራት። በሐይቁ አካባቢ ምሽት ላይ ብርሃን የሚስባቸው ጥቃቅን ነፍሳት ብዙ ናቸው፤ እነርሱ የሚያመጡት ሻጋታ በሦስተኛው ቀን ፍላስኩ ውስጥ እንደ ጥጥ ይበቅላል። የተበከለን ፍላስክ ለማዳን አይሞክሩ።

10. የተረፈውን ያስወግዱ። ሴል ብቻ ያለበትን ሚዲያ በበረኪና ለግማሽ ሰዓት አቆይቶ ማፍሰስ ይቻላል። መዳብ፣ ፀረ ተባይ ወይም ዲኤምኤስኦ ያለበትን ግን በፍጹም ወደ ላብራቶሪው ቧንቧ አያፍስሱ፤ በረኪናም አይቀላቅሉበት። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው ወደ እርሱ የገባ ብረት እዚያው ይቀራል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን ያጠራቅሙት፤ በላዩ ላይ የኬሚካሉን ስም፣ ግምታዊ መጠኑንና ቀኑን በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ፤ ሲሞላም በተቋምዎ ውስጥ አደገኛ ቆሻሻን ለሚረከበው ክፍል በፊርማ ያስረክቡ።